ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እና የአንኮበር ኮረብታ፦ ከቤተ መንግሥት ድርጎ እስከ እንግዳ ማረፊያ

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን ከተማ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እንደነበረች ይታወቃል። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ባለበት ኮረብታ ላይ ዛሬ ጥንታዊውን የአሠራር ስልት ተከትሎ የታነጸ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሎጅ ይገኛል። በልዩ ልዩ አገሮች የቆዩ የወይን እርሻዎችና የመኳንንት መኖሪያዎች ታድሰው ለእንግዳ ማረፊያነት ሲውሉ ይታያል፤ በፈረንሳይና በደቡብ አፍሪካ የወይን ጠጅ አምራች አካባቢዎች እንዲህ ያለው አገልግሎት የታወቀ የቱሪዝም ዘርፍ ነው። በእኛ ደጋማ አገር የወይኑን ስፍራ ይዞ የኖረው ጠጅ ሲሆን፣ የእንግዳ አቀባበሉ ሥርዓት ማዕከልም የነገሥታቱ ግቢ ነበር። ለዚህ ሥርዓት ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው የአንኮበሩ ጌታ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ትውልድና አስተዳደግ

የሸዋ ገዢዎች የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከመንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ከመንዝ አጋንቻ ተነሥተው ለልጅ ልጆቻቸው የተላለፈውን ግዛት መሠረቱ። ተከታዮቻቸው ከመንዝ ቀዝቃዛ ሜዳ ደረጃ በደረጃ ወደ ይፋትና ወደ ደቡብ እየሰፉ ሲመጡ፣ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከዚያ ከፍታ በአንድ ወገን የደጋውን እህል፣ በሌላው ወገን ከአዋሽ በረሓ የሚወጣውን የሲራራ ነጋዴ መቆጣጠር ይቻል ነበር።

ሣህለ ሥላሴ የአምኃ ኢየሱስ ልጅ የአስፋ ወሰን የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ፣ እናታቸውም የመንዝ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይባላሉ። ታናሽ ልጅ በመሆናቸው ለአልጋ የታሰቡ አልነበሩም። በሰላ ድንጋይ ገዳም ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይከታተሉ ነበር።

ወደ ሥልጣን አመጣጥ

በ1805 ዓ.ም ራስ ወሰን ሰገድ ቁንዲ ላይ ተገደሉ። የአልጋው ተጠባባቂ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ በዚያን ጊዜ በመርሐቤቴ ይገኙ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቁንዲ ለመምጣትም ዘገዩ። ሁከቱ እንዳይባባስ ያሰጋቸው የዘነበ ወርቅ የመንዝ ዘመዶች ወጣቱን ተማሪ ከሰላ ድንጋይ አምጥተው የሸዋ ራስና መርዕድ አዝማች አሰኟቸው። ስለዚህ የሸዋ አልጋ በዚያ ቀን የተወሰነው በመርሐቤቴ መዘግየትና በመንዝ ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል።

አዲሱ ገዢ አልጋውን ካደላደሉ በኋላ ወንድሞቻቸውንና ለሥልጣን ሊፎካከሯቸው የሚችሉ ዘመዶቻቸውን ጎንጮ በተባለው አምባ እንዲታሰሩ አደረጉ። ይህ በጊዜው በነገሥታት ዘንድ የተለመደ አሠራር ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የዘለቀና በሰው ሕይወት ላይ የከበደ ውሳኔ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሣህለ ሥላሴ ከሸዋ ገዢዎች ሁሉ የመጀመሪያው በመሆን የንጉሥነትን ማዕረግ ያዙ።

የረኃቡ ዘመንና የተከፈተው ጎተራ

በ1821 ዓ.ም አካባቢ ሸዋን ለሁለት ዓመታት ያህል የዘለቀ ድርቅ መታት። ከብቱ አለቀ፤ ብዙ ሕዝብም በረኃብ ተጎዳ። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ለቤተ መንግሥት የተከማቸውን እህል ከጎተራ አስወጥተው ለሕዝቡ እንዲታደል አዘዙ። በሸዋ ሕዝብ ዘንድ ፍቅርን ያተረፉት ከጦር ሜዳ ድል ይልቅ በዚህ ሥራቸው እንደሆነ ይነገራል። ረኃቡ ሲያበቃ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከተለ፤ የአገሪቱ ማገገምም ጊዜ ወሰደ።

ጎተራው የሚሞላው ከገበሬው በሚሰበሰበው ግብር ነበር። በዓመት የተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ዘመቻም ምርኮ ያመጣ ነበር። በአልዩ አምባ ገበያ ከሚያልፈው ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ቀረጥ ይከፈላል። በአካባቢው በአብዱል ረሱል በሚካሄደው የባሪያ ንግድም የቤተ መንግሥቱ ገቢ ይጨምር ነበር። የንጉሡ ቸርነት ሲነገር ይህም የዘመኑ እውነት አብሮ ሊታወቅ ይገባል።

ጠጅ ቤቱና የድርጎ ሥርዓት

የአንኮበር ግቢ በእንጨት አጥር የታጠረ፣ ከኮረብታው ግርጌ እስከ አናቱ በደረጃ የሚወጣ ሰፊ መንደር ነበር። በውስጡ እልፍኝ፣ አዳራሽ፣ ግምጃ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤት እየራሳቸው ሹም ነበራቸው። ማሩ ከየአገሩ በግብር ይመጣል፤ ጌሾው ከወይናደጋው ይሰበሰባል፤ በጠጅ ቤቱ በትልልቅ ጋኖች ይጣላል። በዘመኑ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ጠጅ መጣል አይቻልም ነበር። ስለዚህ በአንድ ሰው እጅ ብርሌ መታየቱ ብቻ ከንጉሡ ጋር ያለውን ቅርበት ያስረዳል።

በግብር ቀን መኳንንቱ፣ ካህናቱና ወታደሩ በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ። ሥጋው፣ እንጀራውና ጠጁ በተራ ይቀርባል፤ አንዱ ወገን ሲነሣ ሌላው ይገባል። ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳም ድርጎ የሚባል የዕለት ስንቅ ይመደብለታል። እንግዳው የሚያርፍበት ቤት፣ እንጀራውና ወጡ፣ በጉና ጠጁ ከቤተ መንግሥት ይላክለታል፤ ለዚህም ገንዘብ አይጠየቅም።

ሆኖም ድርጎ ስጦታ ብቻ አልነበረም። ከበረሓው ወደ ደጋው የሚወጣ እንግዳ የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርሰው ድረስ በጠረፍ እንዲጠብቅ ይደረግ ነበር። ከገባ በኋላም ያለ ፈቃድ ወደፈለገበት መሄድ ወይም አገሩን ለቆ መውጣት አይችልም። የሚበላውን የሚሰጠው እጅ መንገዱንም ይይዝ ነበር። ንጉሡ በዚህ መንገድ እንግዳን በማክበርና እንግዳን በመጠበቅ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብበው የመንግሥት አሠራር አደረጉት።

የውጭ እንግዶች

የሸዋ በር ለአውሮፓውያን የተከፈተው በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1831 ዓ.ም ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አንኮበር ገቡ፤ በዚያው ዘመንም ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር ወደ ሸዋ መጡ። በ1833 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ደግሞ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ቡድን ጠመንጃ፣ መድፍና ልዩ ልዩ ስጦታ ይዞ ደረሰ። ከቡድኑ ጋር የነበሩት ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የአንኮበርንና የአካባቢውን ገጽታ በሥዕል አስቀርተዋል። የቤተ መንግሥቱ መልክ ከጠፋ በኋላም ኮረብታው ምን ይመስል እንደነበር ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ሥራ ነው።

በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1835 ዓ.ም ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ተመሳሳይ ውል ተደረገ። ንጉሡ ከእነዚህ ግንኙነቶች የፈለጉት በተለይ የጦር መሣሪያና የእጅ ሙያ ነበር። አንጥረኛውን፣ አናጢውንና ሐኪሙን በቅርብ ይከታተሉ ነበር። በአንድ ባዕድ ባለሙያ ተሠርቶ የነበረው የውኃ ወፍጮ ግን ከካህናት በመጣ ተቃውሞ ሥራውን እንዳቆመ ተመዝግቧል። አዲስ ነገርን መውደድና የአገሩን ልማድ ማክበር በንጉሡ ዘመን ሳይስማሙ የቀሩባቸው ጊዜያት ነበሩ።

የጎንጮ በር መከፈት

ንጉሡ በአንድ ዐይናቸው ብርሃን ያጡ ሲሆን፣ በዘመነ መንግሥታቸው የኋለኛ ዓመታትም ሕመም ይመላለስባቸው ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኞች በሸዋ ሳሉ ከጽኑ ሕመም ካገገሙ በኋላ በጎንጮ ታስረው የኖሩት የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት እንዲፈቱ አዘዙ። እስረኞቹ በወጣትነት የገቡበትን አምባ በሽምግልና ለቀቁ። ለባዕድ እንግዳ ድርጎ የሚቆርጠው ቤት ለገዛ ዘመዶቹ በሩን የከፈተው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። ውሳኔው የዘገየ ቢሆንም ለኋለኞች የምሕረት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ዕረፍትና ውርስ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ለ34 ዓመታት ያህል ገዝተው በጥቅምት ወር 1840 ዓ.ም ዐረፉ። አልጋውን ልጃቸው ኃይለ መለኮት ወረሱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ላይ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው በኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተባሉ። በልጃቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ደግሞ የራስ መኰንን አያት፣ የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም ቅድመ አያት ናቸው።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ ወደ ሸዋ ተመልሰው የአባቶቻቸውን አልጋ ሲይዙ አንኮበር እንደገና መናገሻ ሆነች። መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ግን ግቢው ሰው እያጣ ሄዶ ፈረሰ። የአያታቸው የድርጎ ሥርዓት ከምኒልክ ጋር ወደ አዲሱ ከተማ ተሻገረ። የእንግዳው ብዛት ከግቢው አቅም በላይ በሆነ ጊዜም እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። በንጉሥ ፈቃድ ብቻ ይገኝ የነበረው ማረፊያና ማዕድ ዋጋውን ለሚከፍል ሁሉ ክፍት የሆነበት ለውጥ በዚህ ጀመረ።

ኮረብታው ዛሬ

አንኮበር ላይ ያለው ሎጅ የዚያ ለውጥ ተከታይ ነው። የጥንቱ ግቢ የተዘረጋበት ኮረብታ በእግር ይወጣል፤ ከአናቱ ወደ ምሥራቅ የአፋር ቆላ፣ ወደ ምዕራብ የሸዋ ደጋ ይታያል። በአካባቢው ገደላገደል የአንኮበር ስም የተሰጣት፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። እንግዳው በቀድሞ ዘመን መኳንንት በማዕረግ ይቀመጡበት በነበረው ስፍራ ማዕዱን ይቀርባል። የሚለየው ዛሬ ማንም የጠረፍ ፈቃድ የማይጠብቅና በፈለገው ቀን የሚሄድ መሆኑ ነው።

የታሪካዊ ስፍራ እድሳት ግንቡን በማቆም ብቻ አይፈጸምም። ስፍራው ያገለግል የነበረበት ሥርዓት፣ ማለትም የማዕዱ አቀራረብ፣ የጠጁ አጣጣል፣ የእንግዳው አቀባበልና የአካባቢው ሰው ድርሻ አብሮ ሲጠበቅ ነው ቅርሱ ሕይወት የሚኖረው። የሣህለ ሥላሴ ታሪክ የጎተራውን መከፈት እንደሚያስታውስ ሁሉ የጎንጮንና የአብዱል ረሱልን ጉዳይም ያስታውሳል፤ ለጎብኚ የሚሰጠው ገለጻም ሁለቱን ሊይዝ ይገባል።

ለተገልጋዮች

አንኮበርን መጎብኘት የሚፈልጉ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን ከደረሱ በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን መንገድ ይይዛሉ። ከጉዞ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ፣ ማረፊያም አስቀድሞ ማስያዝ ይመከራል። ስፍራው ከፍተኛና ነፋሻ በመሆኑ የብርድ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

በታሪካዊ ስፍራ ወይም በቆየ ሕንፃ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ለማቋቋም የሚያስቡ ባለሀብቶች ማንኛውንም የጥገናና የእድሳት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለማስተዳደር ሥልጣን ከተሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸዋል። ከዚሁ ጎን ለጎን የአካባቢውን ነዋሪ ማማከር ሥራውን ዘላቂ ያደርገዋል። የቀድሞው ንጉሥ እንግዳቸውን የተቀበሉት ገበሬው ባገባው ማርና እህል ነበርና፣ የዛሬውም ማረፊያ ከኮረብታው ግርጌ ለሚኖረው ሕዝብ ገቢና ሥራ ሲያስገኝ የታሪኩ ባለቤት ድርሻውን አገኘ ይባላል።