ቀይ ካርድ ያላየው ተከላካይ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የኳስ ሰው ጻፍ ሲሉኝ አጥቂ አልመረጥኩም። በግቢያችን ቡድን ተከላካይ ስለነበርኩ ለሰፈሬ ሰው ላዳላ ብዬ ጣሊያናዊውን ጋኤታኖ ሺሬያን ያዝኩ።

ሺሬያ በ1953 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሚላን አጠገብ ተወለደ። በአታላንታ ጀምሮ በ1974 ጁቬንቱስ ገባ፤ እስከ 1988 ድረስም ክለብ አልለወጠም። ሰባት ጊዜ የሴሪ አ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም 78 ጊዜ ተሰልፏል።

ቦታው ሊቤሮ ይባል ነበር። ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ለወጣቶቹ መምህራን ላስረዳ። ሌሎቹ ተከላካዮች አንድ አንድ አጥቂ ሲይዙ ሊቤሮው ማንንም አይዝም፤ ከኋላ ቆሞ ያመለጠውን ይለቅማል። ብዙዎቹ ኳሷን ወደ ሰማይ ጠልዘው እፎይ ይሉ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አይቶ፣ ኳሷን ይዞ ይወጣል። በ1982 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያን ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ታርዴሊ ያገባትን ጎል ልብ ብላችሁ እዩ። ያቀበለው ሺሬያ ነው። የኋላ ተከላካይ በጀርመኖች የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

አብሮት የሚከላከለው ክላውዲዮ ጀንቲሌ ነበር። የአባቱ ስም በጣሊያንኛ ጨዋ እንደ ማለት ነው፤ ዚኮ ግን በዚያው ውድድር ከእሱ እጅ ማሊያው ተቀዶ ነው የወጣው። ጨዋው ለካ ሌላኛው ነበር! ሺሬያ በተጫዋችነት ዘመኑ አንድም ቀን በቀይ ካርድ አልወጣም። ለእኔ ይሄ የጸባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የደረሰ ሰው ምን ብሎ ይጠልፋል?

በ1985 ብራስልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም፣ ከሊቨርፑል ጋር ለሚደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አምበል ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር በተነሣው ግርግር ግድግዳ ተደርምሶ 39 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የእሱ ቡድን ደጋፊዎች ናቸው። እሱና የሊቨርፑሉ አምበል በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን እንዲያረጋጉ ተደረገ፤ ከዚያ ተጫወቱ። ጁቬንቱስ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያን ዋንጫ በእጅ መያዝ ምን እንደሚመስል ሳስበው ይከብደኛል።

ጫማውን ሲሰቅል የቀድሞው ግብ ጠባቂ የዲኖ ዞፍ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ። ሴፕቴምበር 1989 ጁቬንቱስ የሚገጥመውን ጎርኒክ ዛብዤን አይቶ እንዲመጣ ወደ ፖላንድ ተላከ። አገሩ ላይ ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ መኪናዋ ትርፍ በጀሪካን ጭና ነበር። የእኛ ዘመን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ወደ ዋርሶ ሲመለሱ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጩ፤ ቤንዚኑም ተያያዘ። 36 ዓመቱ ነበር።

ጁቬንቱስ ጎርኒክን ጥሎ አለፈ፤ በዚያው የውድድር ዘመን የዩኤፋን ዋንጫ ወሰደ።