ማይክል ፋራዴይ፣ የቀጥቃጩ ልጅ

የኤሌክትሪክን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ የማይክል ፋራዴይን ስም ያውቃል። ይሁን እንጂ ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘ የሚያውቅ ጥቂት ስለ ሆነ ይህን ለመጻፍ አሰብሁ።

ፋራዴይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። (በእኛም አገር ይህ ሙያ ምን ያህል ሲናቅ እንደ ኖረ ወላጆቻችን ያውቁታል።) አባትየው በሽተኛ ስለ ነበረ ቤታቸውን ችግር አልተለየውም። ልጁም ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ቁጥር ብቻ ተምሮ በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ በዚያም 7 ዓመት ሙያ ተማረ።

ደግነቱ ጌታው እንዳያነብ አልከለከለውም። ስለ ኤሌክትሪክ ለመጠረዝ ከመጣ ኢንሳይክሎፔዲያ፣ ስለ ኬሚስትሪም ጄን ማርሴ የተባለች ሴት ለጀማሪዎች ከጻፈችው መጽሐፍ አነበበ። ያነበበውንም በርካሽ ዕቃ እየሠራ ይፈትን ነበር።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ፣ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚያደርጋቸውን 4 ንግግሮች የሚሰማበት ትኬት በነጻ ሰጠው። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ትኬት ነው። ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ፋራዴይ ምናልባት የሰው መጽሐፍ ሲጠርዝ ዕድሜውን በፈጸመ ነበር። እርሱ ግን የሰማውን ጻፈ፤ ሥዕል ጨመረበት፤ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 ዴቪ ረዳት አድርጎ አስቀጠረው።

በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አሳየ። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ጄኔሬተርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከፍተኛ ሒሳብ ግን አያውቅም ነበር፤ አሳቡን በሒሳብ የጻፈለት ኋላ የመጣው ማክስዌል ነው። (ስለዚህ ሒሳብ የሚጠሉ ጓደኞቼ በዚህ ታሪክ አያመካኙ!)

ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ልጆችን አልረሳም። ከ1827 እስከ 1860 ባለው ዘመን 19 ጊዜ በገና ሰሞን ለወጣቶች ተከታታይ ንግግር አድርጓል። የሰር ማዕረግ ቢሰጡት እንቢ አለ፤ በ1867 ሞተ።

ከንግግሮቹ የታወቀው ስለ ሻማ የተናገረው ነው። በ1861 በመጽሐፍ ታትሟል፤ ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ሊያነበው ይችላል። ለሙከራው የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ ሰም እንደሆነ በሚዛንና በቴፒ ጫካ ቀፎ የሚሰቅል ሁሉ ያውቀዋል። ሻማ ሲበራ የሚነደው ቀልጦ በክሩ የሚወጣው ሰም ወደ እንፋሎት ተለውጦ ነው። በነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ ማንኪያ ቢይዙበት ጥላሸት ያነሣል፤ ብርጭቆ ቢደፉበት በውስጡ ጤዛ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠፋል። ከሻማው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኛም የምንተነፍሰው ነው፤ የጓሮአችንም ቡና በቅጠሉ እየሳበ ያድግበታል።

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋ ማታ ይህን በቤታችን ሞከርሁት። ሻማውን እፍ ብዬ አጠፋሁና የተለኮሰ ክብሪት ከክሩ ራቅ አድርጌ ወደ ጭሱ አስጠጋሁ፤ እሳቱም በጭሱ ላይ ዘልሎ ክሩን አበራው። ታናሽ እኅቴ ሻማው እስኪያልቅ ስታጠፋና ስታበራ አመሸች። እናቴ ክብሪት አለቀ ብላ ተቆጣች፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እርሷም ሞክራዋለች።