ልጅ ኢያሱና የለጋሲዮኖቹ ወሬ



የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የሰፈራችን ስም ከየት እንደመጣ ከአዲስ አበባ ሰው የተሰወረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ግርጌ ለፈረንሳይ መንግሥት ከ40 ሄክታር በላይ መሬት ሰጡ፤ ለጋሲዮኑ እዚያ ተተከለ፤ ሰፈሩም ስሙን ከእርሱ ወሰደ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ጎረቤቶቹን ነው። የእንግሊዝ፣ የጣሊያን፣ የመስኮብና የጀርመን ለጋሲዮኖችም ከዚያው ሳይርቁ በቀበናና በየካ በኩል ሰፍረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፓ ላይ እርስ በርስ የሚፋጁት መንግሥታት እዚህ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው። ጦርነታቸውን ግን አገራቸው ትተውት አልመጡም። መድፍ መተኮስ ባይችሉም ወሬ መተኮስ አላቃታቸውም። የዚህ ወሬ ዋና ዒላማ የሆነው ሰው ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም የእኚህን ሰው ታሪክ ነው።

ልጅ ኢያሱ የተወለዱት ወሎ ነው። እናታቸው የአፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባታቸው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩ የወሎ ሙስሊም መሪ ሲሆኑ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ክርስትና የተነሡ ናቸው። ልጁ እንግዲህ ከሁለት ወገን ተወለዱ። በአንድ በኩል የሸዋ ዙፋን፣ በሌላው በኩል ገና ትናንት ሙስሊም የነበረ የወሎ ቤት።

አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው በ1901 ዓ.ም. ይህን የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ሞግዚት የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጅ ኢያሱ ገና በወጣትነታቸው ሥልጣኑን ጨበጡ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። ሥልጣን ከእጃቸው እየወጣ ወደ ወሎ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይ መኳንንት የት አለ?

እውነቱን ለመናገር ልጅ ኢያሱ ጥፋት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። ከዋና ከተማው ይልቅ በየአገሩ መዞር ያዘወትሩ ነበር፤ የአያታቸውን ሹማምንት ይንቁ ነበር፤ በደቡብ ምዕራብ በጊሚራ በኩል ባደረጉት ዘመቻ ብዙ ሰው በባርነት ተግዟል። ይህን መሸፈን ለታሪክ አይበጅም። በሌላ በኩል ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚቆራኙበትን ደንብ ያሻሻሉ፣ ሌባሻይ የሚባለውን ሌባ የማውጣት ልማድ ያስቀሩ፣ «ተረንቡሌ» የተባለውን የከተማ ዘበኛ ያቋቋሙ እሳቸው ናቸው። ከሰፈራችን ማዶ ያለውን የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው። የምጠይቀው ይህን ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ መልካምና ክፉ ሥራዎች መካከል የትኛው ነው ከዙፋን ያወረዳቸው? ይፋ የሆነው ክስ ከእነዚህ በአንዱም ላይ አልቆመም። ዋናው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር።

ይህ ክስ ለምን በዚያ ጊዜ ጎላ? መልሱ ጦርነቱ ላይ ነው። በሐምሌ 1906 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በተከታዩ ዓመት ቱርክ ከጀርመን ጎን ቆመችና የዑስማንያው ሱልጣን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በመስኮብ ላይ ጂሃድ አወጀ። ጣሊያንም በ1907 ዓ.ም. መገባደጃ አካባቢ ከእነ እንግሊዝ ጋር ተሰለፈች። ሦስቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን በዙሪያዋ ከበው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞችን የሚገዙ ነበሩ፤ እንግሊዝ ሱዳንና በርበራ፣ ፈረንሳይ ጅቡቲ፣ ጣሊያን ኤርትራና መቋዲሾ። በእንግሊዝ ላይ የተነሣው የሱማሌው ሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ገና አልተሸነፈም። በዚህ መካከል የኢትዮጵያ ገዥ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ወርዶ ከሙስሊሞች ጋር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከጅማና ከአፋር ባላባቶች ጋር በጋብቻ ይተሳሰራል፣ ለሰይድ መሐመድ መሣሪያ ይልካል፣ የቱርክን ቆንስል ያቀርባል። ይህ ለለጋሲዮኖቹ አደጋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የለጋሲዮኖቹ ሥጋት ስለ ልጅ ኢያሱ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ቅኝ ግዛታቸው ነበር። ለሸዋ ሕዝብ ግን ቅኝ ግዛታችን ተነካ ብለው ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል? ሕዝቡን የሚያስቆጣው ሃይማኖቱ ነው። የመኳንንቱ የሥልጣን ቅሬታና የለጋሲዮኖቹ የጦርነት ሥጋት በአንድ ወሬ ላይ ተገናኙ።

ወሬው በብዙ መልክ ተሠራጨ። ልጅ ኢያሱ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቆጥረዋል ተባለ። በሰንደቅ ዓላማው ላይ ጨረቃ አስጠልፈው ለቱርክ ቆንስል ላኩ ተባለ። ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ከእነዚህም መካከል ተቆርጠው የተገጣጠሙ እንደነበሩበት የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ፎቶግራፍ ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን ሥዕሉ ሊዋሽ ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ስንት ሰው ነበር? ለውጭው ዓለምም ቢሆን ወሬው የሚወጣበት በር በአንድ ወገን እጅ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወጣው የቴሌግራፍ መሥመር አንዱ በጣሊያን ይዞታ ወደ ነበረችው አሥመራ፣ ሌላው በፈረንሳይ ይዞታ ወደ ነበረችው ጅቡቲ ነበር። የጀርመን ለጋሲዮን ከአገሩ ጋር መገናኘት አቅቶት ተዘግቶበት ተቀመጠ። ስለዚህ ዓለም የሰማው የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ ዓመት መባቻ አካባቢ የሦስቱ መንግሥታት ለጋሲዮኖች በአንድነት ሆነው ለኢትዮጵያ መንግሥት የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ክሱ ተነበበ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ተከሳሹ ያን ዕለት ሐረርጌ ነበሩ። ቀርበው አልተጠየቁም፤ ቃላቸውን የሰማ፣ ፎቶግራፉን የመረመረ ዳኛም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እጅግ የሚያሳዝን ነው። ሐረር ላይ የሙስሊሞች ደም በከንቱ ፈሰሰ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ፤ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ነሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። የሞቱት የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። ንጉሡም በ1910 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃና በሰሜን ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ ፍቼ ላይ ለዓመታት ታሰሩ፤ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተላኩ።

አሁን የታሪኩን መጨረሻ ተመልከቱ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አውሮፕላኖቿ በሰሜን በራሪ ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ እውነተኛው ንጉሥ ኢያሱ መሆናቸውን የሚሰብክ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ሃይማኖት አጠፉ ብላ ከከሰሱት ጋር የተባበረችው ጣሊያን ከ19 ዓመት በኋላ የእሳቸው ጠበቃ ሆና መጣች! ሰውዬው ያው ናቸው፤ እስር ቤት ተቀምጠው አንዳች አልለወጡም። የተለወጠው የጣሊያን ጦርነት ነው። ለጋሲዮኖቹ ስለ ልጅ ኢያሱ እምነት የነገሩን ሁሉ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ሞቱ። አሟሟታቸው እስካሁን ያከራክራል፤ መቃብራቸውም በእርግጥ አይታወቅም።

በዚያው ጦርነት፣ በ1909 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ጀርመኖች የወታደሮቻቸውን ሬሳ እያቀለጡ ስብ ያወጣሉ ብለው ጽፈው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ወሬው መሠረት እንደሌለው በፓርላማ ፊት ተቀበለ። ጀርመኖች ማስተባበያቸውን አገኙ። ሰገሌ ላይ ለወደቁት ግን ማን አስተባበለላቸው?

አንድ ነገር ለራሳችን ወገን ልበል። ከእኛ መካከል ልጅ ኢያሱን በእርግጠኝነት ሙስሊም ነበሩ፣ ለኢስላም የተሠዉ ናቸው የሚል አይጠፋም። ማስረጃው ምንድን ነው ሲባል የሚያወጣው ያንኑ ባለ ጥምጥም ፎቶግራፍ ነው! ጠላቶቻቸው ለውግዘት የዘሩትን ወሬ እኛ ለውዳሴ ብናጭደው ያልተጣራ ወሬ መሆኑ አይቀርም። ልባቸውን የሚያውቀው አላህ ነው። በእርግጠኝነት መናገር የምንችለው ሙስሊሙን እንደ ዜጋ ያቀረቡ መሆናቸውን ነው፤ ለዚያ ዘመን ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ ለክሱም መነሻ የሆነው ይኸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ጦርነት ሲነሣ ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ፎቶግራፎች የዛሬ ተብለው ሲዞሩ ሁላችንም አይተናል። መቀሱና ሙጫው ተለውጦ ይሆናል እንጂ ሥራው ያው ነው። ቁርኣን ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው አጣርተን እንድንቀበል፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ወሬ ሲደርሰን፣ በተለይም የምንጠላውን ሰው የሚያዋርድ ወይም የምንወደውን ሰው የሚያወድስ ሲሆን፣ ማን አመጣው፣ ለምን ዛሬ አመጣው፣ የተወራበት ሰውስ ምን ይላል ብለን እንጠይቅ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከተሰበሰቡት መካከል እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጮክ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ምናልባት የሰገሌ ሜዳ ዛሬ የሚታወቀው በእርሻው ብቻ በሆነ ነበር።

ወላሁ አዕለም።