ኩርት ኮቤይን፦ ከእንጨት ቆራጮች ከተማ የተነሣው ድምፅ

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ለፓስፊክ ውቅያኖስ ቀረብ ብላ የተቆረቆረች አበርዲን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ሰማይዋ ከደመና፣ ምድሯም ከዝናብ እምብዛም አይለዩም። ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን እንጀራቸውን ያገኙት ከጫካው ነው። ዛፍ እየገነደሱ፣ ግንዱን በወንዝ እያንሳፈፉ፣ በመሰንጠቂያ ፋብሪካም ጣውላ እያደረጉ ኖረዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ሄዱ፤ ወጣቶቿም የአባቶቻቸውን ሥራ ሳይወርሱ ቀሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለምን ወጣት ያነቃነቀው የሮክ ሙዚቃ ሰው ኩርት ኮቤይን የበቀለው ከዚህች ከተማ ነው።

ኩርት ዶናልድ ኮቤይን የተወለደው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1959 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1967 ነው። አባቱ የመኪና ጥገና ባለሙያ፣ እናቱ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበሩ። በእናቱ ወገን ሙዚቃ የሚጫወቱ ዘመዶች ስለነበሩት ገና በሕፃንነቱ ከዜማ ጋር ተዋወቀ። ሥዕልም ይወድ ነበር። በቤቱ ውስጥ ሳቂታና ቀልጣፋ ልጅ እንደነበረ ይነገርለታል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ግን እናትና አባቱ ተፋቱ። ይህ መለያየት የልጁን ጠባይ ከሥሩ ለወጠው። ሳቂታው ልጅ ዝምተኛና ቁጡ ሆነ። አንድ ጊዜ ከአባቱ፣ ሌላ ጊዜ ከእናቱ፣ ከዚያም ከዘመድ ወደ ዘመድ ቤት እየተዘዋወረ አደገ። የራሴ የሚለው ቤት ማጣቱ ያሳደረበትን ሐፍረትና ቁስል ካደገ በኋላም ደጋግሞ አንሥቶታል። ከዘፈኖቹ ጀርባ ያለውን የቁጣና የኀዘን ቅልቅል ለመረዳት የሚሹ ሁሉ መነሻቸውን የሚያደርጉት ይህን የልጅነት ዘመን ነው።

14ኛ ዓመት ልደቱ ሲደርስ አጎቱ ብስክሌት ወይም ጊታር እንዲመርጥ ጠየቀው። እሱ ጊታሩን መረጠ። ያገለገለና ብዙም ዋጋ የሌለው መሣሪያ ነበር፤ ይሁን እንጂ ግራኙ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጁ አልለየውም። ጓደኛ ባጣበት ሰዓት ጓደኛው፣ መናገር ባቃተው ጊዜም አንደበቱ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ በአክስቱ ቤት በነበረ የመቅጃ መሣሪያ የራሱን ሙዚቃ ሲቀርጽ፣ ከበሮ ስላልነበረው የልብስ ሻንጣ እየመታ ምቱን ያወጣ ነበር።

በትምህርት ቤት ኮቤይን ከስፖርተኞቹም ሆነ ከጉልበተኞቹ ጎራ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1985 ሊመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትምህርቱን አቋረጠ። ለዕለት ጉርሱም የፅዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዘመን መጠለያ አጥቶ በዊሽካ ወንዝ ድልድይ ሥር ያድር እንደነበር ሲናገር ኖሯል። አብረውት ያደጉ ሰዎች ግን ድልድዩ ሥር ያዘወትር እንደነበር እንጂ በእርግጥ ያድር እንደነበር ይጠራጠራሉ። እውነቱ የቱም ይሁን የት፣ ወጣቱ ቋሚ ማደሪያ ያልነበረው መሆኑ አያከራክርም።

አበርዲን ውስጥ መንገዱን ያሳዩት ሜልቪንስ የተባለው ባንድ አባላት ናቸው። በእነሱ በኩል ፈጣንና ሸካራ የሆነውን የፐንክ ሙዚቃ አወቀ። የክሮኤሽያ ስደተኞች ልጅ ከሆነው ቁመተ ረጅም ወጣት ከክሪስት ኖቮሰሊች ጋር የተገናኘውም በዚሁ ማኅበር ውስጥ ነው። ኮቤይን ጊታርና ድምፅ፣ ኖቮሰሊች ቤዝ ጊታር ይዘው እ.ኤ.አ በ1987 የራሳቸውን ባንድ መሠረቱ። ስሞችን ሲቀያይሩ ቆይተው በመጨረሻ ኒርቫና የሚለውን መረጡ። ቃሉ በቡድሃ እምነት ከሥቃይ ነጻ መውጣትን የሚያመለክት ነው።

በዚያ ወቅት ከአበርዲን የጥቂት ሰዓታት የመኪና ጉዞ በምትርቀው በሲያትል ከተማ አዲስ የሙዚቃ ዓይነት እየተወለደ ነበር። ሲያትል ከኒው ዮርክና ከሎስ አንጀለስ የራቀች በመሆኗ ታላላቅ ባንዶች በጉዟቸው ብዙ ጊዜ ያልፏታል። የከተማዋ ወጣቶች ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ፣ እርስ በርሳቸውም ተመልካች እየሆኑ የራሳቸውን ድምፅ አበጁ። የፐንክን ቁጣና ፍጥነት ከከባድ ሮክ ክብደትና ዝግታ ጋር አዋሐዱ። የጊታሩን ድምፅ ሆን ብለው አሻከሩት፤ ግጥሙም ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ስለ ውስጥ ሕመም የሚናገር ሆነ። ለዚህ ሙዚቃ የተሰጠው ግራንጅ የሚለው ስም እድፍንና ቆሻሻን የሚያመለክት የመንገድ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ በ1984 ከተመሠረቱት ሳውንድጋርደንና ግሪን ሪቨር ከተባሉት ባንዶች ጀምሮ ብዙዎች በዚህ ጎዳና ተከታተሉ። ግሪን ሪቨር ሲፈርስ አባላቱ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ መድሃኒ የተባለውን ባንድ መሠረቱ፤ ገሚሱም ኋላ ፐርል ጃም ለተባለው ባንድ መነሻ ሆኑ። አሊስ ኢን ቼይንስም በዚያው ዘመን ብቅ አለ። ይህን እንቅስቃሴ ለዓለም ያስተዋወቀው ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖነማን የሚመሩት ሰብ ፖፕ የተባለ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ነው። ገንዘብ ባይኖረውም ብልሃት ነበረው። እ.ኤ.አ በ1989 የአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛን ወጪ ችሎ ወደ ሲያትል አስመጣ፤ የጋዜጠኛው ዘገባም የከተማዋን ስም ባሕር ማዶ አሻገረ።

ኒርቫና የመጀመሪያ አልበሙን ብሊችን ያወጣው በዚሁ ድርጅት በኩል በ1989 ነው። አልበሙን ለመቅረጽ የወጣው ገንዘብ ወደ 600 ዶላር ብቻ ነበር። ይህንንም የከፈለላቸው በኋላ ባንዱን የተቀላቀለ ጊታር ተጫዋች ነው፤ በአልበሙ ውስጥ አንድም ዜማ ሳይጫወት ለውለታው ስሙ ከተጫዋቾቹ ጋር ሰፈረ። ባንዱ በአሮጌ መኪና ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ በየጠባቡ አዳራሽ ተጫወተ። በ1990 ኃይለኛው ከበሮ መቺ ዴቭ ግሮል ሲቀላቀላቸው የሦስትዮሽ ጉልቻው ተሟላ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 ኔቨርማይንድ የተሰኘው ሁለተኛው አልበማቸው በትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል ወጣ። ኩባንያው ብዙ አልጠበቀም፤ በአሜሪካ መጀመሪያ ያሰራጨው ከ50 ሺህ ያነሰ ቅጂ ነበር። ሆኖም ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት የተባለው ዘፈን በሬዲዮና በቴሌቪዥን መደመጥ ሲጀምር ነገሩ ከእጅ ወጣ። ዜማው በለሆሳስ ይጀምርና በድንገት እንደ ጎርፍ ይፈነዳል፤ ዳግም ይረጋጋል፤ ዳግም ይፈነዳል። ኮቤይን ይህን ስልት ፒክሲስ ከተባለው የቦስተን ባንድ መማሩን አልሸሸገም። በጃንዋሪ 1992 ኔቨርማይንድ የማይክል ጃክሰንን ዴንጀረስ አልበም አውርዶ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደተሸጠ ይገመታል።

ድሉ የኒርቫና ብቻ አልነበረም። የተከፈተው በር ሌሎቹንም አስገባ። የፐርል ጃም፣ የሳውንድጋርደንና የአሊስ ኢን ቼይንስ አልበሞች በየተራ በሚሊዮኖች ተሸጡ። በ1980ዎቹ መድረኩን ይዘው የቆዩት፣ በሚያብረቀርቅ ልብስና በተነፋ ጠጉር የሚታወቁት የሮክ ባንዶች በጥቂት ወራት ውስጥ ከገበያ ወጡ። ኩባንያዎች ሁለተኛ ኒርቫና ፍለጋ ወደ ሲያትል ጎረፉ።

ልብሱም ዜና ሆነ። የግራንጅ ሙዚቀኞች የሚለብሱት እንጨት ቆራጮችና የቀን ሠራተኞች ብርድ ለመከላከል የሚለብሱትን ዳማ ጥለት ያለው ወፍራም ሸሚዝ፣ የተቀደደ ጂንስና አሮጌ ሹራብ ነበር። ከአሮጌ ልብስ ተራ በርካሽ ስለሚገኝ እንጂ ለማጌጥ አልነበረም። በ1992 ግን የኒው ዮርክ ፋሽን አዋቂዎች ያንኑ የድሃ ልብስ በሐር ሰፍተው ለሀብታሞች ትርኢት አቀረቡት። ከችግር የተወለደው አለባበስ የገበያ ዕቃ ሆነ።

ኮቤይንን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ዘፈኖቹ በብዙ ሰው ዘንድ እንዲሰሙ ይመኝ ነበር፤ ሲሰሙለት ደግሞ በተቃራኒ ሐሳብ የሚኖሩ ሰዎች ጭምር ሲጨፍሩባቸው አየ። በልጅነቱ ያሳድዱት የነበሩት ዓይነት ጉልበተኞች አሁን አድናቂዎቹ ሆነው መጡ። በአንድ አልበሙ ሽፋን ላይ በዘር ሰውን የሚጠሉና ሴቶችን የሚንቁ ሰዎች ሙዚቃውን እንዳይገዙ በጽሑፍ አሳሰበ። በ1993 ደግሞ ባንዱ በቦስኒያ ጦርነት የተደፈሩ ሴቶችን ለመርዳት በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ የበጎ አድራጎት ዝግጅት አቀረበ።

በግል ሕይወቱ ለዓመታት መንሥኤው ያልታወቀ ጽኑ የሆድ ሕመም ያሠቃየው ነበር። ሕመሙን ያስታግሥልኛል ብሎ የተጠጋው ሄሮይን ከሕመሙ የከፋ ጌታ ሆነበት። በፌብሩዋሪ 1992 ሙዚቀኛዋን ኮርትኒ ላቭን አገባ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጁን አጥብቆ ይወድ ነበር። ይሁን እንጂ የወላጆቹ የዕፅ ተጠቃሚነት በጋዜጣ ሲናኝ ልጅቷን የማሳደግ መብታቸው ለጊዜው ጥያቄ ውስጥ ገባ። ቤተሰቡ ሲፈርስ ያየ ልጅ፣ አባት ሆኖ ሳለ ቤቱ ዳግም ሊፈርስበት ሲል አየ።

በ1993 የወጣው ሦስተኛው አልበም ኢን ዩቴሮ ከቀዳሚው ይልቅ ሻካራና ያልተቀባ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በኒው ዮርክ ለቴሌቪዥን የተቀረጸው ዝግጅት ግን ሌላውን ኮቤይን አሳየ። መድረኩ በነጭ አበቦችና በሻማ አጊጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጦ ተጫወተ። ታዋቂ ዘፈኖቹን አብዛኛውን ትቶ የሌሎችን ሥራዎች አዜመ፤ መዝጊያውንም ጥቁር አሜሪካዊው የድሮ ሙዚቀኛ ሌድ ቤሊ ይጫወተው በነበረ የሕዝብ ዜማ አደረገ። በጩኸት የሚታወቀው ሰው ከጩኸቱ በታች ምን ያህል ጥልቅ የዜማ ችሎታ እንዳለው ያን ምሽት ታየ።

በማርች 1994 መጀመሪያ ሙኒክ ላይ የተጫወተው የመጨረሻው ሆነ። ከቀናት በኋላ ሮም ውስጥ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። በወሩ መጨረሻ ቤተሰቡና ወዳጆቹ ተማክረው ሕክምና እንዲገባ አግባቡት፤ እሱም ሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ የሱስ ማገገሚያ ገባ። ግን ሁለት ቀን ያህል ብቻ ቆይቶ ጥሎ ወጣ። ኤፕሪል 5 ቀን 1994፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1986 ዓ.ም፣ በሲያትል መኖሪያ ቤቱ የራሱን ሕይወት አጠፋ። የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ለሥራ በመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዕድሜው 27 ነበር፤ ልጁም ሁለት ዓመት አልሞላትም።

ከቀናት በኋላ በሲያትል በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሻማ ይዘው ተሰብስበው አለቀሱለት። የግራንጅ የድል ዘመንም በዚያው ማክተም ጀመረ። ሱስና የመንፈስ ጭንቀት ሌሎችንም ቀጠፈ። የአሊስ ኢን ቼይንሱ ሌን ስቴሊ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ በ2002 በኤፕሪል 5 ሞተ። የሳውንድጋርደኑ ክሪስ ኮርኔልም በ2017 ተከተለ።

ሥራው ግን አልሞተም። ዴቭ ግሮል ፉ ፋይተርስ የተባለውን ባንድ መሥርቶ በዓለም መድረክ ቆመ። ኒርቫና በ2014 በአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ከሁሉ በላይ ኮቤይን ያወረሰው፣ ሙዚቃ ለመሥራት የተወደደ መሣሪያና የተዋበ መልክ እንደማያስፈልግ፣ የውስጥን ሕመም ሳያስጌጡ መናገርም እንደሚቻል ነው። ሕመሙን ለሚሊዮኖች የተናገረው ሰው ለራሱ መዳኛ የሚሆነውን እርዳታ እስከ መጨረሻው መቀበል አለመቻሉ ግን ለወዳጆቹ ያልሻረ ቁስል ነው።

አበርዲን ዛሬም ዝናብ ይወርድባታል። በአንድ ወቅት ብዙም ያላስተዋለችውን ልጇን ለማሰብ በመግቢያዋ በተተከለው ሰሌዳ ላይ የአንዱን ዘፈኑን ርእስ የእንግዳ መቀበያ ቃሏ አድርጋዋለች። ከሩቅ አገር የሚመጡ ወጣቶችም ሰሌዳውን አልፈው ወደ ዊሽካ ድልድይ ይወርዳሉ፤ ከወንዙ ዳር ጥቂት ቆመው፣ ቤት ያጣውን ልጅ አስበው ይመለሳሉ።