ማቲው አርኖልድና የስምንቱ ሺሊንግ ፈተና

ማቲው አርኖልድ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት በገጣሚነቱ ይነሣል። እኛን መምህራንንና ሰልጣኞችን የሚመለከተን ግን ሌላው ሥራው ነው፤ 35 ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ነበር።

በ1822 እንግሊዝ አገር ተወለደ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የታወቀው የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ልጅየው ኦክስፎርድ ተማረና ትዳር ሲያስብ ደመወዝ አስፈለገው፤ በ1851 ኢንስፔክተር ሆነ። ከዚያ ወዲያ በባቡር እየተንከራተተ የድሆች ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ሲጎበኝ ኖረ።

ነገሩ የከረረው በ1862 ነው። የትምህርቱ ኃላፊ ሮበርት ሎው አዲስ ደንብ አወጣ፤ የመንግሥት ድጎማ በውጤት ይለካ ተባለ። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በኢንስፔክተሩ ፊት በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ይፈተናል። ሦስቱንም ካለፈ ለትምህርት ቤቱ 8 ሺሊንግ ያስገኛል፤ በአንዱ ከወደቀ ሲሶው ይቀነሳል። የመምህሩም እንጀራ ከዚሁ ጋር ታሰረ። ሎው እንዲያው በክፋት አልተነሣም፤ መምህራን ትልልቆቹን ይዘው ትንንሾቹን ችላ ይላሉ የሚል የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት በ1861 ቀርቦ ነበር።

እስቲ ሁለት መምህራንን እናስብ። ለአንዱ ፊደል ቆጥረው የመጡ ልጆች ደረሱት፤ ለሌላው ፊደል ከነጭራሹ የማይለዩ። የኋለኞቹ ከምንም ተነሥተው በዓመቱ መጨረሻ እየተንተባተቡ ማንበብ ቢጀምሩም ወደቁ ይባላሉ። የፊተኞቹ ይዘውት በመጡት ዕውቀት ብቻ ያልፋሉ። ታዲያ የትኛው መምህር የበለጠ ሠራ? ደንቡ ልጁ ከየት እንደተነሣ አይጠይቅም ነበር። በዚያው አገር የልጁን የመነሻ ውጤት ከመድረሻው ጋር አነጻጽሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን መለኪያ የወጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው!

አርኖልድ ዝም አላለም። ከሥራ ሊያስወጣው እንደሚችል እያወቀ በ1862 የአለቃውን ደንብ በመጽሔት ላይ ተቸ። በኋላም በየሪፖርቱ ጉዱን አወጣው፤ ልጆቹ አንዱን የንባብ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ እየደጋገሙ በቃላቸው ይይዙታል፤ በዚህም ማንበብ ሳይችሉ የንባብ ፈተና ያልፋሉ። ሽምደዳ እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ታሪክና ጂኦግራፊም ገንዘብ ስለማያመጡ ወደ ዳር ተገፉ።

በ1886 ጡረታ ወጣ። በ1888 ከአሜሪካ የምትመጣ ልጁን ሊቀበል ሊቨርፑል ሄዶ ሳለ በድንገት በልብ ሕመም ዐረፈ። በውጤት የመክፈሉ ሥርዓት ጨርሶ የቀረው ከእሱ ሞት በኋላ፣ በ1890ዎቹ ነው።