ቄስ ክራፍና ወይዘሮ ሮዚን፦ በአንኮበር ከተዘጋው በር እስከ ሞምባሳ



በኬንያ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቻችን ከታሪክ ትምህርታቸው ይዘዋቸው ወደ ቤት ከሚመጡ ስሞች አንዱ የሉድቪግ ክራፍ ስም ነው። ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እንደነበሩ፣ ከአውሮፓውያን መካከል የኬንያን ተራራ ቀድመው እንዳዩ፣ የስዋሂሊ ቋንቋ ሰዋስው እንደጻፉ ይማራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኚህ ሰው ከስዋሂሊ በፊት አማርኛ የተማሩ፣ ከሞምባሳ በፊት በአንኮበር ሦስት ዓመት ገደማ የኖሩ፣ ወደዚህ ባሕር ዳር የመጡትም ወደ ሸዋ የሚመልሳቸው በር ስለተዘጋባቸው መሆኑን ከእኛም መካከል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዚን ደግሞ ጭራሽ የተረሱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ የሁለቱን ታሪክ፣ በተለይም አብረው ያደረጉትን የባሕር ዳር ጉዞ፣ ለመጻፍ ፈለግን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተወለዱት በጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ በምትገኝ ዴሬንዲንገን በምትባል መንደር ነው። ቤተሰባቸው ገበሬ ነበር። በባዝል ሚስዮን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ አቋርጠው፣ በቱቢንገን የሃይማኖት ትምህርታቸውን ጨረሱ። ከዚያም መቀመጫው ለንደን የነበረ የእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ስለጠየቃቸው ግዕዝና አማርኛ መማር ጀመሩ። በ1837 ትግራይ ገቡ፤ በ1838 ከባልደረቦቻቸው ጋር ተባረሩ። በ1839 ደግሞ ከታጁራ ተነሥተው የአዳልን በረሃ አቋርጠው፣ ከባልደረባቸው ከኢዘንበርግ ጋር አንኮበር ደረሱ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ተቀበሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። አባቶቻችን እነዚህን የወንጌል ሰባኪዎች በበጎ ዓይን አላዩአቸውም። ሃይማኖት ያለው ሕዝብ ሃይማኖት ሊያስተምሩት ሲመጡበት የሚሰማው ነገር አለ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ዛሬም ይሰማናል። ክራፍ ደግሞ በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሸዋ ሲገባ ረዳትና አስተርጓሚ ሆነውለታል። ሰባኪም የባዕድ መንግሥት ረዳትም የሆነን ሰው ንጉሥ ቢጠረጥር እኛ ንጉሡን አንወቅስም። ይሁንና ክራፍ ለቋንቋ የነበራቸው ፍቅር ከልብ ነበር። አማርኛውን ይዘው ኦሮምኛ ተማሩ፤ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የጀመሩትም እዚያው ሸዋ ሆነው ነው። ኦሮሞዎችን ማስተማር የዕድሜ ልክ ሐሳባቸው ሆኖ ቀረ።

በማርች 1842 ክራፍ ከአንኮበር ወጡ። ሐሳባቸው ግብፅ ወርደው እጮኛቸውን አግብተው ለመመለስ ነበር። በወሎ በኩል ሲያልፉ አዳራ ቢሌ የሚባለው የአገሩ ገዢ ይዞ ንብረታቸውን ሁሉ ወሰደባቸው፤ ባዶ እጃቸውን፣ ከመንደር መንደር እየለመኑ ምፅዋ ደረሱ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ እስክንድርያ ውስጥ ከባዝል የመጡትን ሮዚን ዲትሪሽን አገቡ። እንግዲህ ሙሽራው ሙሽራይቱን ወደ ቤቱ ሊያስገባ ነው፤ ቤቱም አንኮበር ነው።

ባልና ሚስቱ ታጁራ ሲደርሱ ግን መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አውሮፓውያን ከእንግዲህ እንዳይገቡ ከልክለዋል ተባሉ። ተመልሰው ምፅዋ ሄዱና በ1843 በትግራይ በኩል ሞከሩ። ከባሕሩ ወደ ደጋው በሚወስደው የሳሆዎች በረሃ ላይ ሳሉ፣ መንደር በሌለበት ቦታ፣ ወይዘሮ ሮዚን ያለ ጊዜያቸው ምጥ ያዛቸው። ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ የኖረችው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አባቷ አጠመቋትና ስም አወጡላት፤ ያወጡላትም ስም የጀርመን ስም አልነበረም። በአማርኛ እንባ አሏት። በመንገድ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯት። መንገድ መሪዎቹ ከዚያ በላይ አንጠብቅም ስላሉ እናቲቱ በወለዱ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ጉዞ ቀጠሉ።

በእኛ አገር አራስ እንዴት እንደምትያዝ እናቶቻችን ያውቃሉ። ገንፎው፣ ቅቤው፣ ጎረቤቱ፣ አርባው ቀን፣ ሰማንያው ቀን። ይህቺ ሴት ግን በሦስተኛ ቀኗ በረሃ ላይ መንገደኛ ነበረች። ይህን ሁሉ ከፍለውም ትግራይ አላስቀመጣቸውም፤ እንደገና ተመለሱ ተባሉና ወደ ኤደን ተሻገሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከኤደን ወደ አገሩ በተመለሰ። ክራፍ ግን አንድ ሐሳብ ያዙ። የኦሮሞ ሕዝብ ከሸዋ እስከ ደቡቡ ውቅያኖስ አቅራቢያ ድረስ እንደሚኖር ሰምተው ነበርና፣ በፊት ለፊት በር ካልተቻለ በጓሮ በር እንግባ አሉ። በዛሬዋ ኬንያ በጣና ወንዝ ዳር የሚኖሩትን የኦርማ ሕዝብ የሚያውቅ ሰው፣ ሐሳቡ ከባዶ እንዳልተነሣ ይረዳል። እንግዲህ ሞምባሳ ለክራፍ በመጀመሪያ የአንኮበር ጓሮ ነበረች ማለት ነው።

በኖቬምበር 1843 ባልና ሚስቱ ኤደን ላይ በአንድ የዓረብ የሸራ ጀልባ ተሳፈሩ። በዚያ ዘመን በዚህ ባሕር መሄድ የሚቻለው ነፋስ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ጀልባዎችን ከዓረብ አገር ወደዚህ ያወርዳል፤ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ከደቡብ የሚነሣው ኩሲ መልሶ ይወስዳቸዋል። ነጋዴውም፣ ተምሩም፣ ምንጣፉም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ ያለ ፈቃዱ የተሸጠው ሰውም የሚመላለሰው በእነዚህ በሁለቱ ነፋሶች ነበር። ካስካዚ ያመለጠው ዓመቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ክራፍ ቸኩለው ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ጀልባ ውኃ ማስገባት ጀመረችና ለጥቂት ከመስጠም ተርፈው ወደ ኤደን ተመለሱ። በዚያው ወር በሌላ ጀልባ እንደገና ተነሡ።

በጁላይ የተወለደችው ሁለተኛ ልጃቸው ጊዜዋን የጠበቀች ከነበረች፣ ወራቱን ወደ ኋላ ብንቆጥር ወይዘሮ ሮዚን በዚያ ባሕር ላይ ነፍሰ ጡር ነበሩ ማለት ነው። የመጀመሪያዋን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። የሸራ ጀልባ ለተሳፋሪ ክፍል የላትም፤ ሰውም ዕቃም ፀሐይ ላይ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ክራፍ ብርታት ብዙ ይላሉ፤ እኛ ግን ይህን ጉዞ ስናስብ ቀድመው ፊታችን የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ጀልባዋ የሶማሌን ዳርቻ ይዛ ወረደች። ከሞምባሳ በስተሰሜን ታካውንጉ ደርሰው አረፉ፤ ዛሬ ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በመኪና የሚሄድ ሰው ኪሊፊ ሳይደርስ በስተቀኝ የሚተዋት መንደር ናት። እዚያ ክራፍ ስለ አገሩና ስለ ኦሮሞዎች ጠያየቁ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1844 ሞምባሳን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ዛንዚባር ገቡ። ዳርቻው ሁሉ የሚገዛው በዛንዚባሩ ሱልጣን በሰይድ ሰዒድ ነበርና ያለ እሳቸው ፈቃድ መቀመጥ አይቻልም። ሱልጣኑ በመልካም ተቀብለው ለዳርቻው ገዢዎች የሚያሳዩት ደብዳቤ ሰጧቸው። ነገሩን ልብ በሉ፦ ክርስቲያኑ ንጉሥ በር የዘጉባቸውን ሰው እስላሙ ሱልጣን አስገቡ። ሣህለ ሥላሴ የተጠራጠሩትን ሱልጣኑ ለምን እንዳልተጠራጠሩ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ግን ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

በሜይ 1844 ባልና ሚስቱ ሞምባሳ ቤት ያዙ። ከኤደን የተጀመረው ጉዞ አለቀ፤ አዲሱ ቤት ተገኘ። ክራፍ ጊዜ አላጠፉም። በጁን ወር በአንድ የሞምባሳ ቃዲ እርዳታ ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀመሩ።

በአዲሱ ቤት አብረው የኖሩት ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ወባ ጣላቸው። በዚህ መሐል ወይዘሮ ሮዚን በጁላይ 6 ቀን ሴት ልጅ ወለዱ፤ በጁላይ 13 ቀን አረፉ። ክራፍም በዚያው ቤት በንዳድ ተኝተው ስለነበር፣ ባለቤታቸው በእርግጥ መሞታቸውን ለማየት ከአልጋቸው የተነሡት በብዙ ትግል ነው። ሕፃኗም እናቷን ተከተለች። ወይዘሮ ሮዚን ከመሞታቸው በፊት ከደሴቲቱ ማዶ በዋናው ምድር ላይ እንዲቀበሩ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ መቃብራቸውን አይቶ የመጡበትን ጉዳይ እንዲያስብ ተናዝዘው ነበር። እንደ ቃላቸው ተደረገ።

ክራፍ ከዚህ በኋላ ለላካቸው ማኅበር ሲጽፉ ሐዘናቸውን ብቻ አልጻፉም። በዚህ ዳርቻ አንድ መቃብር ካለን ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው የሚል አሳብ ነው የጻፉት። አንዳንዶች ይህን እንደ ታላቅ እምነት ያዩታል። እኛ ስናነበው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ታየን፤ ሚስትና ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው እንዲህ ይጽፋል ወይ ብለን ተከራከርን። በኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ ሰው መቃብር ባለው ቦታ ላይ እንግዳ አይደለም አለ። እውነትም ክራፍ ከዚያ በኋላ ሞምባሳን ትተው ሊሄዱ አልቻሉም። ከእኛስ ስንቱ ነው ለስድስት ወር ብሎ ናይሮቢ ወርዶ፣ ጉዳዬ እስኪያልቅ ብሎ፣ በኋላ እዚሁ ወልዶ እዚሁ የቀበረ!

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። በ1846 ባልደረባቸው ሬብማን መጡላቸውና ሁለቱ በዚያው ዓመት ኦገስት ወደ ራባይ ኮረብታ ወጥተው ቤት ሠሩ። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን አዩ። ክራፍ በካምባው አለቃ በኪቮይ ረዳትነት ኪቱይ ድረስ ዘልቀው በዲሴምበር 3 ቀን 1849 የኬንያን ተራራ አዩ። በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ ብለው ሲጽፉ አውሮፓ ያሉ ሊቃውንት አላመኗቸውም። በ1851 እንደገና ሲሄዱ ኪቮይ በመንገድ ላይ ተገደለ፤ ክራፍ ብቻቸውን ሸሽተው፣ የሚጠጡትን ውኃ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ውስጥ ሞልተው ተሸክመው ነው የተረፉት። በሙያችን ባለሱቆች ነንና አንድ ነገር ጣል እናድርግ፦ ክራፍ በለቀሙት የስዋሂሊ ቋንቋ ዱካ ማለት ሱቅ ነው፤ በእኛ ግን የእግር ኮቴ ነው። የእሳቸው ዱካ በሁለቱም ቋንቋ አለ።

ጤናቸው ተበላሽቶ በ1853 ወደ አውሮፓ ሄዱ። ሆኖም የመጀመሪያውን በር አልረሱትም። በ1855፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ ማርቲን ፍላድ ከሚባሉት ወጣት ጋር እንደገና ኢትዮጵያ ገብተው የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን እንዲመጡ መንገድ ጠረጉ። በኋላ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ለንጉሡ ያቀለጡት ባለሙያዎች በዚህ መንገድ የመጡት ናቸው። ወንጌል ያስተምራሉ ተብለው የመጡ ሰዎች መድፍ ሠርተው ቀሩ። የእንግሊዝ ጦር በ1867 ወደ መቅደላ ሲነሣ ክራፍ በአስተርጓሚነት አብረው ቢወጡም በሕመም ምክንያት ከመንገድ ተመለሱ። ያንን ጦርነት ዓይናቸው ሳያይ በመቅረቱ እኛ ለእሳቸው ደስ ይለናል።

የመጨረሻ ዘመናቸውን በጀርመን፣ በሽቱትጋርት አጠገብ በምትገኘው በኮርንታል አሳለፉ። ከወይዘሮ ሮዚን በኋላ ሁለት ጊዜ አግብተዋል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን ኅትመት በማረምና በኦሮምኛው ትርጉም ሥራ እስከ እርጅናቸው ደከሙ። በኖቬምበር 26 ቀን 1881 አረፉ፤ የተገኙትም አልጋቸው አጠገብ ተንበርክከው እንደነበር ይነገራል። ትልቁ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላታቸው የታተመው በማግሥቱ ዓመት ነው። በናይሮቢ የጀርመን ኤምባሲ ሕንፃ በስማቸው ይጠራል፤ ራባይ ያለው ቤታቸውም ተጠግኖ ይጎበኛል። ከናይሮቢ በመኪና ሞምባሳ የሚወርድ ቤተሰብ ማዜራስ ሲደርስ ትንሽ ቢታጠፍ ያገኘዋል።

የወይዘሮ ሮዚንና የሁለተኛዋ ሕፃን መቃብር ያለው ከሞምባሳ ደሴት ማዶ፣ በናያሊ በኩል ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ጥቂት መንገድ ነው። ቤተሰቦቻችን በትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ናያሊ ባሕር ዳር ሲወርዱ ልጆቹን ይዘው ግማሽ ሰዓት እዚያ ቢቆሙ እንላለን። ስትቆሙም በበረሃው ዛፍ ሥር የቀረችውን የመጀመሪያዋን ልጅ ስም ንገሯቸው። እንባ ምን ማለት ነው ብለው ከጠየቋችሁም በእንግሊዝኛ አትመልሱላቸው።