አባ እንድርያስ ዣሮሶ፦ ፍቅርና ፍትሕ በሐረር

በሐረር አባ እንድርያስ በመባል የታወቁት ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ ሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶ (1858–1941 እ.ኤ.አ.) በ1900 እ.ኤ.አ. የአካባቢው የካቶሊክ ሚስዮን ጳጳስ ሆኑ። ስማቸው ዘወትር የሚነሣው የራስ መኮንንን ልጅ ተፈሪን በማስተማራቸው ነው። እምነታቸው ይበልጥ የተፈተነው ግን ከቤተ መንግሥት ይልቅ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ ነበር። ሕመምተኛው ከቤተ ዘመድና ከገበያ በሚገለልበት በዚያ ዘመን፣ ሚስዮኑ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለሕሙማኑ በሐረር መጠለያ አቋቋመ። ለደዌው ፍቱን መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር፤ ስለዚህ መጠለያው ሊሰጥ የቻለው ፈውስን ሳይሆን ምግብን፣ ማደሪያንና ከሰው ተራ መቈጠርን ነው። በዚህም ለአባ እንድርያስ ፍቅር ከምጽዋት አልፎ ለተገፋው የሚገባውን ቦታ መመለስ፣ ማለትም ፍትሕ፣ ሆኖ ይታያል። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ሐረርን ለቀው በአገራቸው በፈረንሳይ ዐረፉ።